ዛፍ ክብደቱን ከየት ያገኘዋል?

ከአዲሱ ገበያ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው በቅድሚያ የሚያየው የእንጦጦን ተራራና ተራራውን ያለበሰውን ባሕር ዛፍ ነው። እኛ የሠፈሩ ልጆች ይህን ዛፍ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናየው፥ እንደ ሰማዩና እንደ መንገዱ ሁሉ የነበረና የሚኖር ነገር ይመስለናል እንጂ «ይህ ሁሉ እንጨት ከምን ተሠራ?» ብለን አንጠይቅም። እኔም አያቴ እስኪጠይቁኝ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስለዚህ፥ ክቡራን አንባቢዎች፥ ይህ ጽሑፍ ለአያቴ ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማታ ለፈተና ስዘጋጅ፥ ትምህርቱ ቶሎ እንዲያዝልኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር። «ዕፀዋት ምግባቸውን ለመሥራት የሚያስፈልጋቸውን ካርቦን የሚያገኙት በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ያህል ስደጋግመው፥ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ያፈሉ የነበሩት አያቴ ቀና አሉና፥

«እስቲ ቆዪ ልጄ፤ ዛፍ የሚበላው አየር ነው ነው የምትይው?» አሉኝ።

«አዎን እማማ» አልኳቸው።

አያቴ በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው እየተሸከሙ፥ አዲሱ ገበያ አውርደው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ወገባቸውን እስከ ዛሬ ያማቸዋል። «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጀርባዬን ያጎበጠኝ አየር ነበር ልትይኝ ነው? አየር ይከብዳል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ዐረፍተ ነገሩን በቃሌ አጥንቼው ነበር እንጂ፥ እውነት መሆኑን በምን እንደማስረዳ አላውቅም ነበርና።

በማግሥቱ ጥያቄውን ለክፍል ጓደኞቼ ባቀርበው አብዛኞቹ «ከአፈር ነው» አሉኝ። ይህም አያስገርምም። ሥር ወደ አፈር ሲገባ እናያለን፤ ገበሬ ለእርሻው ፍግ ሲያለብስ እናያለን፤ ባሕር ዛፍም «መሬት ይበላል» ተብሎ ሲወቀስ እንሰማለን። ቅጠል አየር ሲውጥ ግን በዓይኑ ያየ ሰው የለም።

ዛፉ ራሱ ወደ አገራችን የመጣው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ ሲበዛ፥ በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶች ጽድና ወይራቸው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተራቁተው ነበር። በዚህ ጊዜ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ የሆነው ይህ ዛፍ ገባ፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣም ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው እንጨቱ አይደለም። ዘሩ በእጅ መዳፍ ብዙ ሊታፈስ የሚችል ጥቃቅን ነገር ነው። በእንጦጦ ላይ የሚታየው ግንድና ቅርንጫፍ ሁሉ እዚሁ፥ በእኛው ተራራ ላይ ተሰብስቦ የተሠራ ነው። ከአፈሩ ተቆፍሮ የወጣ ቢሆን ኖሮ፥ ተራራው በዚያው ልክ መጉደል ነበረበት።

ይህን ነገር በሚዛን ሊፈትን የተነሣው ቫን ሄልሞንት የተባለ የብራስልስ ተወላጅ ሐኪም ነበር። ሰውየው 90 ኪሎ ያህል አፈር በምድጃ አድርቆ በትልቅ ገንዳ ውስጥ ጨመረና፥ ከ2 ኪሎ ጥቂት ከፍ የሚል የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ከዚያም አምስት ዓመት ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም ሳይጨምር አሳደገው። በመጨረሻ ዛፉን ነቅሎ ቢመዝነው 76 ኪሎ ያህል ሆኖ ተገኘ። አፈሩን እንደገና አድርቆ ቢመዝነው ግን የጎደለው 60 ግራም እንኳ አልሞላም። በዚህም የዛፉ ክብደት ከአፈር እንዳልመጣ አረጋገጠ፤ ይሁን እንጂ «እንግዲያውስ ሁሉም ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። ሥራው የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ይኸው ቫን ሄልሞንት ነው። በሌላ ሙከራው 62 ፓውንድ ከሰል አንድዶ አንድ ፓውንድ አመድ ብቻ ቢተርፈው፥ የቀረው 61 ፓውንድ በዓይን የማይታይ ጋዝ ሆኖ መሄዱን ተረድቶ ነበር። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ያ ጋዝ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ነው። አኻያው ሲያድግ ይለቅመው የነበረውም ይህንኑ ጋዝ ነው። ጥያቄው በአንድ እጁ፥ መልሱ በሌላው እጁ ሳለ ሁለቱን ሳያገናኛቸው አለፈ። እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ፥ በማንደጃ አጠገብ ተቀምጬ መልስ በማጣቴ የነበረኝ ኀፍረት ትንሽ ቀለለኝ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ነገሩን ደረጃ በደረጃ ገለጡት። እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1771 ሻማ ነድዶ ባጠፋው በታፈነ አየር ውስጥ የናና ተክል ቢያስቀምጥ፥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻማ እንደገና ሊነድበት ቻለ። ሆላንዳዊው ሐኪም ኢንገንሁስ በ1779 ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ እንደ ሆነ፥ ያውም አረንጓዴ በሆነው የተክሉ ክፍል ብቻ እንደ ሆነ አሳየ። የጄኔቭ ሰው ሴኔቢዬ በ1782 ለሥራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግድ እንደሚያስፈልግ ገለጠ። በመጨረሻም የዚያው ከተማ ሰው ደ ሶሱር በ1804 የገባውንና የወጣውን በሚዛን እየለካ፥ ካርቦኑ ከአየሩ ጋዝ እንደሚመጣ፥ ውሃም በተክሉ ክብደት ውስጥ ድርሻ እንዳለው አስረዳ። ይህ ሥራ በሳይንስ ቋንቋ ፎቶሲንተሲስ፥ በአማርኛ ደግሞ ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንግባ። የባሕር ዛፍን ቅጠል በማይክሮስኮፕ ብንመለከት በላዩ ላይ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ቀዳዳዎች እናያለን፤ ስማቸው ስቶማታ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ሴሎች እንደ ከንፈር ይከፍቱታል፥ ይዘጉታል። አየር የሚገባው በዚህ በር ነው። ወደ ውስጥ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሴሎቹ እርጥበት ሟሙቶ፥ አረንጓዴው ክሎሮፊል ወደሚገኝበት ክሎሮፕላስት ወደተባለው ክፍል ይደርሳል።

በዚያም ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያው ደረጃ ክሎሮፊል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከሥር የመጣውን ውሃ ያስከፍላል። የውሃው ኦክስጅን ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ እኛ የምንተነፍሰውም እርሱን ነው። ከብርሃኑ የተገኘው ኀይልና ከውሃው የተገኘው ሃይድሮጅን ግን ለሁለተኛው ደረጃ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ደረጃ ሩቢስኮ የተባለ ኤንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዝና፥ 5 ካርቦን ካለው አንድ ዓይነት ስኳር ጋር ያጣብቀዋል። 6 ካርቦን የሆነው ውሕድ ወዲያውኑ ለሁለት ይከፈልና፥ እያንዳንዳቸው 3 ካርቦን ያላቸው ሁለት ውሕዶች ይወጣሉ። ከእነዚህም በተቀመጠው ኀይልና ሃይድሮጅን አማካይነት ስኳር ይሠራል። ስኳሩ እየተያያዘ ስታርች ይሆናል፤ በሌላ አኳኋን ሲያያዝ ደግሞ የእንጨት ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ ይሆናል። በጠቅላላው ሂሳብ ከ6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና ከ6 የውሃ ሞለኪዩል አንድ የግሉኮስና 6 የኦክስጅን ሞለኪዩል ይገኛል።

«ይህን ማን አየ?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሩበንና ካመን የተባሉ አሜሪካውያን ካርቦን 14 የሚባለውን ጨረር የሚያወጣ የካርቦን ዓይነት አገኙ። ካልቪን፥ ቤንሰንና ባሻም የተባሉ ሊቃውንትም በካሊፎርንያ ይህ ካርቦን ያለበትን ጋዝ ለጥቃቅን የውሃ ዕፀዋት አጠጥተው፥ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በትኩስ አልኮል እየገደሉ፥ ካርቦኑ ከየትኛው ውሕድ ላይ እንደ ደረሰ መረመሩ። ምልክት ያለበት ካርቦን መንገዱን ራሱ ነገራቸው። ካልቪን ስለዚህ ሥራ በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ በኋላ የአያቴን ጥያቄ በቁጥር መመለስ ይቻላል። ፍጹም የደረቀ እንጨት በ100 ኪሎው ውስጥ 50 ኪሎ ገደማ ካርቦን፥ 43 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን፥ 6 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን አለው። የቀረው አንድ ኪሎ ገደማ ናይትሮጅንና ከአፈር የመጣ ማዕድን ነው። ካርቦኑ ከአየሩ ጋዝ የመጣ ነው፤ ኦክስጅኑም በአብዛኛው ከዚሁ ጋዝ ጋር አብሮ የገባ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ከውሃ ነው። ስለዚህ ከ100 ኪሎ እንጨት 90 ኪሎ የሚበልጠው አየር ነበር ብል ከእውነት አልራቅሁም።

«አየር ይከብዳል እንዴ?» ላሉት ደግሞ አዎን፥ ይከብዳል። በሠፈራችን ከፍታ፥ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ፥ አየሩ ቀጭን ቢሆንም አንድ ሜትር ኩቡ 900 ግራም ያህል ይመዝናል። ርዝመቱ 8፥ ስፋቱ 7፥ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ብናስብ፥ በውስጡ ያለው አየር አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ነው! ተሸክመነው ስለማንሄድ እንጂ ክብደቱስ አለ። ሆኖም በውጭ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው የዚህ ጋዝ ክብደት 100 ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ሸክም እንጨት ደርቆ 30 ኪሎ ነው እንበል። በውስጡ ያለው ካርቦን 15 ኪሎ ነው። ለዚህም 55 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ይህም ከ90,000 ሜትር ኩብ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ያለውን ሁሉ መልቀም ማለት ነው። እንግዲህ አያቴ በአንድ ቀን የተሸከሙትን ለመሥራት ቅጠሎቹ ከ500 የመማሪያ ክፍል የሚበልጥ አየር አጥርተዋል።

በትምህርት ቤታችንም ነገሩን በሙከራ ልናይ ሞክረን ነበር። ሁለት የቦሎቄ ቅጠሎች ከተክሉ ሳይቆረጡ በሁለት ጠርሙሶች አስገባን። በአንደኛው ጠርሙስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመጥ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ጨምረን አፉን በጥጥና በቫዝሊን ደፈንን፤ በሁለተኛው ውሃ ብቻ ጨምረን አየር እንዲገባበት ተውነው። የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ፤ ሁለቱም ቅጠሎች በአዮዲን ሲፈተኑ ጠቆሩ። ምክንያቱን ስንመረምር፥ ተክሉን አስቀድመን በጨለማ ስላላቆየነው ቅጠሎቹ የትናንቱን ስታርች እንደያዙ መሆናቸውን ተረዳን። በሁለተኛው ጊዜ ተክሉን ሁለት ቀን በጨለማ አቆይተን፥ ከዚያ ግማሽ ቀን በፀሐይ አዋልነው። ቅጠሎቹን በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ አልኮል አረንጓዴነታቸውን አስለቅቀን አዮዲን ብናንጠባጥብባቸው፥ አየር ያገኘው ጠቆረ፤ ጋዙ የተነፈገው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ቀረ። ብርሃንም፥ ውሃም፥ አፈርም ሁለቱ በእኩል ነበራቸው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። (ይህን የምትሞክሩ ጓደኞቼ አልኮል በእሳት አጠገብ እንደማይቀመጥ አትርሱ፤ ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱ ይጥፋ።)

«እንግዲያው አፈርና ፍግ ምን ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አፈር ተክሉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ውሃ ያጠጣል፤ ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስ፥ ብረት፥ ማግኒዚየምና ሌሎችንም ይሰጣል። ማግኒዚየም ከሌለ ክሎሮፊል አይሠራም፤ ናይትሮጅን ከሌለ ሩቢስኮ አይኖርም። ነገር ግን እነዚህ ለወጥ እንደ ጨው ናቸው፤ ያለ ጨው ወጡ አይጥምም፥ ሆኖም ድስቱን የሞላው ጨው አይደለም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ውሃና ማዕድን ከመሬቱ መውሰዱ እውነት ቢሆንም፥ ግንዱን የሠራው በመሬቱ ሥጋ አይደለም።

በምሳ ሰዓት የምንበላው እንጀራም ከዚሁ አየር የመጣ ነው፤ ጤፍ ግን ከባሕር ዛፍ የተለየ ብልሃት አለው። ሩቢስኮ ሥራው ዝግተኛ ከመሆኑም በላይ አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሙቀት ሲበረታም ስሕተቱ ይበዛል። ጤፍ፥ በቆሎ፥ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ጋዙን በመጀመሪያ በሌላ ኤንዛይም ይዘው 4 ካርቦን ባለው አሲድ መልክ ወደ ውስጥ ያስተላልፉታል፤ በዚያም ሩቢስኮ ዙሪያውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቦት ያለ ስሕተት ይሠራል። በዚህ ምክንያት በሮቻቸውን ብዙ መክፈት ስለማያስፈልጋቸው ውሃ ይቆጥባሉ። ስንዴ፥ ገብስና ባቄላ እንደ ባሕር ዛፍ ያለዚህ ብልሃት ይኖራሉ። እሬትና በለስ ደግሞ በረሃን ለመቋቋም በራቸውን ሌሊት ከፍተው ጋዙን ያከማቹና፥ ቀን በራቸውን ዘግተው በፀሐይ ብርሃን ይሠሩበታል።

አሁን ወደ ማንደጃው እንመለስ። ከሰል ማለት እንጨት በአፈር ተዳፍኖ አየር ሳይበቃው ሲቃጠል፥ ውሃውና ሌላው ጋዝ ወጥቶ በአብዛኛው ካርቦኑ የቀረ ነው። ከሰሉ ሲነድ ካርቦኑ ኦክስጅን አግኝቶ እንደገና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆንና ወደ መጣበት አየር ይመለሳል። የሚሞቀንም ቅጠሉ ያን ጊዜ ያስቀመጠው ፀሐይ ነው። (አየር በማይገባበት ቤት ሲነድ ግን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛልና፥ ወላጆች በርና መስኮት እንዲከፍቱ እለምናለሁ።) የተቆረጠው ዛፍ በሌላ ቢተካ አዲሱ ዛፍ ያንኑ ጋዝ መልሶ ይለቅመዋል፤ ካልተተካ ግን በአየር ውስጥ ይቀራል። ከ250 ዓመት በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 280 ያህል የነበረው ይህ ጋዝ ዛሬ ከ420 በላይ የደረሰው፥ የዓለም ሕዝብ ደን በመመንጠሩና ከጥንት ዕፀዋትና ሕያዋን የተጠራቀመውን የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት በማቃጠሉ ነው። ዓለምን የሚያሞቀውም ይኸው ነው። በዚህ በኩል በሠፈራችን አጠገብ ከ700 ሄክታር በላይ ይዞ አገር በቀል ዕፀዋትን የሚንከባከበው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ለመዝናኛ ብቻ የተከለለ ቦታ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባናል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአያቴ ነገርኳቸው። ሩቢስኮንና ካርቦን 14ን ትቼ፥ ቡናው ካለቀ በኋላ ማንደጃውን አሳየኋቸው። «እማማ፥ ከገበያ ሲገዙት ከሰሉ ይከብድ ነበር፤ አሁን የቀረው ይህች አመድ ናት። ዛፉ ከመሬት የወሰደው ይህችን ነው። የቀረው ከአየር መጥቶ ነበርና ወደ አየር ሄደ» አልኳቸው። አያቴ አመዱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «አመዱንማ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዘመን ጠርጌዋለሁ። የሄደው ወዴት እንደሚሄድ ነበር ያልጠየቅሁት» አሉ። ቀጥለውም፥ «በይ እንግዲህ፤ አየርም ቢሆን ከብዶኛል፤ ይህንንም ጻፊልኝ» አሉኝ። እነሆ ጻፍኩት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በቃላችን የያዝነው ብዙ ነው፤ «በምን ታውቂያለሽ?» ተብለን ስንጠየቅ የሚቀረን ግን ጥቂት ነው። እኔ ለፈተናው ያንን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። የተማርኩት ግን አያቴ የጠየቁኝ ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ያጠናችሁትን አንድ ነገር በቤታችሁ ላለ ትልቅ ሰው ንገሩና፥ የሚጠይቋችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ኑ።